ቤተሰብ ይዞ ባሕር መሻገር፦ ከድሬዳዋ እስከ ታጁራ ለትንንሾቹ ጭንቀቶች የሚሆን መመሪያ

ልጆቼንና እናቴን ይዤ ባሕር ልሻገር መሆኑን ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ላሉ ጎረቤቶቼ ስነግር ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «መርከቡ ቢሰምጥስ?» እስከ ዛሬ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ከነቤተሰቤ ሦስት ጊዜ ተሻግሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልቤን ያደከሙት ግን ጎረቤቶቼ ያልጠየቁኝ ነገሮች ናቸው። ትንሿ ልጄ መርከቡ በተነሳ በአሥር ደቂቃው «ሽንቴ መጣ» ስትል፣ መወጣጫው ላይ የእናቴ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ፣ ወንዱ ልጄ ከንፈሩ ነጥቶ ዝም ሲል፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሲጠፋኝ። አንዳቸውም ሰው አይገድሉም። ተደራርበው ሲመጡ ግን ዓመት ሙሉ የታሰበውን ጉዞ ያበላሹታል። አብዛኞቹ ደግሞ ድሬ ላይ፣ ገና ከቤት ሳይወጣ የሚያልቁ ናቸው።

መንገዱን ለማያውቅ፦ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በባቡር ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከጅቡቲ ከተማ ሰውም መኪናም የሚጭን ፌሪ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ ወደ ታጁራ ይሄዳል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹ ባሕር አይተው የማያውቁ ከሆነ መጀመሪያ ሙሻ ደሴት ደርሶ መመለስ ይሻላል። በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በታች ናት፤ ማን እንደሚያጥወለውለው፣ ማን እንደሚፈራ እዚያው ይታወቃል።

1. ወቅቱን ምረጡ

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ረጅሙን ዕረፍት የሚያገኙት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ጅቡቲ ደግሞ ያን ጊዜ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት አቧራ የተሸከመ ትኩስ ነፋስም ይነሳል። ጅቡቲዎቹ ራሳቸው በዚያ ወቅት ሙቀቱን ሸሽተው ወደኛ ይመጣሉ። እነሱ ከሚሸሹት ሙቀት ውስጥ ሕፃን ይዞ መግባት አይገባም። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ለዘብ ስለሚል፣ የልጆቹን የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ጠብቁ።

«እኛ እንደሆን ሙቀት ለምደናል» የሚል የድሬ ልጅ ብዙ ነው። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ላቡ ወዲያው ስለሚተን ገላን ያበርዳል። የባሕር ዳር አየር ግን እርጥበት የጠገበ ነው፤ ላቡ እንደተለጠፈ ይቀራል፣ ገላም አይበርድም። ልጆች ይህን ስለማያውቁ ሲጫወቱ ቆይተው በድንገት ይዝላሉ። ስለዚህ ጅቡቲ በገባችሁ ማግስት አትሻገሩ። አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ስር አሳልፉ።

ከሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ሥራ የበዛበትን ቀን ተውና ጭር ያለውን ፈልጉ። ጅቡቲ ዕረፍቷ አርብ ነው፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ወደ ታጁራ የሚሻገረው ሕዝብ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2006 ለሃይማኖታዊ በዓል ወደ ታጁራ የሚሄዱ ሰዎችን ከልክ በላይ የጫነች ጀልባ ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ተገልብጣ ብዙ ሰው አልቋል። ጎረቤቶቼ ለሚጠይቁት ትልቅ ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው፦ ሰው ተጨናንቆ ቆሞ የሚሄድበት ጀልባ ካያችሁ፣ ገንዘቡ ይቅር ብላችሁ ውረዱ። ዘመድ ቢቆጣም ውረዱ።

2. ወረቀቱን ቶሎ ጀምሩ

የጅቡቲ ቆንስላ እዚሁ ድሬዳዋ ስላለ የመግቢያ ፈቃዱን ጉዳይ፣ በተለይ ለልጆች የሚጠየቀውን፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ልጅ ካለ ይህንንም ተናገሩ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውንና ኮፒውን ያዙ።

የሚረሳው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የተሯሯጠ ሰው ድንበር ላይ ይቸገራል። ሕፃናት ከ9 ወር ጀምሮ ይከተባሉ። እኔ ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሁሉንም አስከትቤ፣ ካርዶቹን ከፓስፖርቶቹ ጋር ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አስገባሁ። ያ ላስቲክ እስክንመለስ ድረስ ከደረቴ አልወረደም።

3. ሰዓቱን በሁለት አቆጣጠር ጻፉ

የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ ጅቡቲ ያለው ዘመዳችን ቲኬቱን አስቆርጦ ፎቶውን ላከልን። ላዩ ላይ «8» ይላል። እኛ ስምንት ሰዓት ብለን አነበብነው። ሻንጣ ተሸክመን፣ እናቴን ደግፈን፣ ሰባት ሰዓት ላይ ወደቡ ስንደርስ ወደቡ ጭር ብሏል። መርከቡ በኛ ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት በብርድ ሄዷል። ልጄ ባዶውን የመርከብ ማቆሚያ ያየበት ዓይን እስካሁን አይረሳኝም።

ኢትዮጵያና ጅቡቲ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ፀሐይ እኩል ትወጣላቸዋለች። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ብቻ ነው፦ እነሱ ስምንት ሲሉ የኛ ሁለት ነው፣ 14 ብለው ሲጽፉ የኛ ስምንት ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በስልክም በአካልም ስትነጋገሩ ሰዓት ብቻ አትጠይቁ፤ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» በሉ። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና ለያንዳንዱ አዋቂ ስጡ። የመነሻውን ብቻ ሳይሆን ወደብ የምትደርሱበትንም ጻፉ፤ ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መድረስ ቤተሰብ ለያዘ ሰው ብዙ አይደለም። የፌሪው ፕሮግራም በነፋስም በበዓልም ስለሚቀያየር ከዋዜማው ማታ አንድ ሰው ደውሎ ያረጋግጥ። የባቡሩም እንደዚያው ነው።

4. ቤት ውስጥ ልምምድ አድርጉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ልቀር ለሚል፣ ይህን ይያዝ።

የድሬ ሰው ውሃን የሚያውቀው ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ከዚያ ከበላይ ዘንቦ አንድ ሌሊት ይመጣል። ሐምሌ 1998 የመጣውን ጎርፍ ያየ ቤተሰብ «ብዙ ውሃ» ሲባል የሚታየው ነገር ሌላ ነው። እናቴ ያን ሌሊት ጣሪያ ላይ ነው ያደረችው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጫማዋን አልጋዋ ሥር ሳታዘጋጅ አትተኛም። እንዲህ ያለ ሰው ጋ «አትፍሪ፣ ምንም የለም» ማለት ፍርሃቷን መናቅ ነው። የሠራልኝ ነገር የሚሆነውን በቅደም ተከተል መንገር ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ጡሩምባው በኃይል ይጮኻል፤ ከወደቡ ስንወጣ መርከቡ እንደ ሕፃን አልጋ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መሬቱ ወደ ኋላ ይቀራል ግን ከዓይን አይጠፋም፣ ከፊት ደግሞ የታጁራ ተራሮች ይታያሉ። እናቴ ይህን ሦስት ማታ ሰማች። ጡሩምባው ሲጮህ ልጆቹ ደንግጠው ዞር ሲሉ እሷ ናት «ነግሬያችሁ አልነበር?» ያለቻቸው።

ለልጆቹ ልምምዱ ጨዋታ ይሁን። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፉና «ይህ መርከብ ነው፣ ከፍራሹ ውጪ ያለው ባሕር ነው» በሉ። የኛ ሕግ ሦስት ነው፦ በእግር እንጂ በሩጫ አይኬድም፤ ስትንቀሳቀስ አንድ እጅህ ምንጊዜም የያዘው ነገር ይኑር፤ ያለ አዋቂ ወደ ጠርዝ አይጠጋም። ከሦስት በላይ ሕግ ልጅ አይይዝም። ጥሰው ሲገኙ ጨዋታው ለአምስት ደቂቃ ይቆማል፤ በሳምንቱ እርስ በርሳቸው መተራረም ይጀምራሉ።

ላይፍ ጃኬቱን የሚመለከተው ልምምድ ግን የምር ነው። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ከማይኖረው እኩል ነው፤ ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ሾልኮ በራስ በኩል ይወጣል። የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ስለሆነ ልጆቹን መዝናችሁ ኪሎውን ያዙ። መርከቡ ላይ የልጅ ልክ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሌለ ጅቡቲ ባለ ዘመድ በኩል አስፈልጉ፤ ለትንንሾቹ በጭናቸው መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይሁን። ልኩን የምታዩት እንዲህ ነው፦ አልብሱት፣ ማሰሪያውን ሁሉ ቆልፉ፣ ከዚያ ጃኬቱን ከሁለቱ ትከሻ ይዛችሁ ልጁን ቀስ ብላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት። ጃኬቱ ተነስቶ አገጩንና ጆሮውን ከሸፈነ ሰፊ ነው። ልጁ ከጃኬቱ ጋር አብሮ ከተነሳ ልኩ ነው። የኔ ትንሿ መጀመሪያ ጊዜ አንገቷ ሥር ሲነካት አልቅሳ ነበር። ቀጭን ሻሽ አጥፌ ከአንገቷ ሥር አደረግኩላት፤ ከዚያ በኋላ አውልቂ ብንላትም እንቢ አለች።

5. ሻንጣው

ሁለት ሻንጣ አድርጉ። ትልቁ ከመርከቡ ዕቃ ማስቀመጫ ይገባል፤ እስክትደርሱ አትነኩትም። ትንሹ ከናንተ እጅ አይለይም። ትንሹ ውስጥ የሚገባው፦ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፤ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ (ለትውከት ከላስቲክ ይሻላል፣ አይፈስም፣ ነፋስም አይወስደውም)፤ እርጥብ ፎጣ፤ ለሕፃን ዳይፐርና ፖፖ፤ አራት አምስት ሎሚ፤ ደረቅ ዳቦና ቆሎ፤ ኦ.አር.ኤስ፤ የእናት የደም ግፊት መድኃኒት፤ ኮፍያ ከነማሰሪያው። ነጠላ ጥሩ ነው፣ ግን ጫፉን ቋጥሩት። ነፋሱ ሲመታው የሰውን ፊት ይሸፍናል፤ መወጣጫ ላይ ሲሆን ደግሞ እግር ይጠልፋል።

ኦ.አር.ኤሱን፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለውን፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንዱን ፓኬት ሙሉ በሙሉ በጥብጡ። ግማሹን ለትንሹ ልጅ፣ ግማሹን ለትልቁ እያሉ በግምት መበጥበጥ አይገባም፤ መጠኑ ከተዛባ ጥቅሙ ይቀራል።

ገንዘቡን በተመለከተ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ይሆናል። ይህ ስለማይለዋወጥ የሚመነዝርላችሁ ሰው የሚሰጣችሁን ማመዛዘን ቀላል ነው። የ1,000 እና የ2,000 ኖት አብዝታችሁ ያዙ፤ ለታክሲና ለሻንጣ ተሸካሚ ትልቁን ኖት ማውጣት መልስ ያስቸግራል።

6. ጅቡቲ ላይ ማደር

ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ናጋድ ጣቢያ ነው፤ ከመሃል ከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ነጭና አረንጓዴውን ታክሲ ትይዛላችሁ። ዋጋውን ሳትገቡ ተነጋገሩ። አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም፤ ሶማልኛ የሚችል የቤተሰብ አባል ካለ ግን እሱን ከፊት አስቀምጡት።

ማታውን ለወባ ትንኝ አትስጡ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው ጅቡቲ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከተማ ውስጥ በውሃ ታንከርና በበርሜል ትራባለች። እኛም እናውቃታለን፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከሷ ጋር የተያያዘ ነበር። አጎበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ተጣጥፎ የአንድ ጋቢ ያህል ቦታ ነው የሚይዘው። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ቢያተኩሰው ሐኪሙ ዘንድ «ጅቡቲ ነበርን» ማለትን አትርሱ።

7. የመሻገሪያው ቀን ጠዋት

በባዶ ሆድ መሳፈር ያጥወለውላል፣ ጠግቦ መሳፈርም ያጥወለውላል። ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ትንሽ ደረቅ ዳቦ በሻይ፣ ቢቻል ዝንጅብል ያለው ሻይ። ፉል፣ ሳምቡሳና ባጂያ ለመልሱ ይቆዩ፤ ዘይት የበዛበት ምግብ ባሕር ላይ አይረጋም። ለሚጠባ ሕፃን ጡት መስጠት ችግር የለውም።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚሠራው ከመነሻው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ከተወሰደ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ተመልሶ ይወጣል። ዲመንሃይድሪኔት ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። መክሊዚን ከ12 ዓመት በታች ላሉ አይመከርም። የልጁን ኪሎ ነግራችሁ መጠኑን ከሐኪም ወይም ከፋርማሲ ባለሙያ አስወስኑ፤ ለጎረቤት ልጅ የታዘዘውን አትስጡ። ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ የዓይን ግፊት ወይም የሽንት ችግር ላለባቸው አዛውንት ደግሞ ላይስማማ ይችላል። እናቴ መድኃኒቱን ትታ ሎሚ መርጣለች፤ ሦስቱንም ጊዜ በሎሚ ተሻግራለች።

ከዚያ ሁሉም፣ «አልመጣብኝም» የሚለውም፣ ሽንት ቤት ይግባ። የመርከብ ሽንት ቤት ጠባብ፣ እርጥብና የሚወዛወዝ ስለሆነ ልጅን እዚያ ይዞ መቆም ከባድ ነው። የትንሿ ልጄ ነገር የተፈታው በፖፖው ነው፤ ጥግ ላይ በጋቢ ከልለን። ዳይፐሩን ግን ባሕር ላይ አትጣሉ፤ በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ውረዱ።

8. መሳፈርና ቦታ መያዝ

ባሕሩ ከፍ ዝቅ ስለሚል መወጣጫው ጠዋት ሲሄዱበትና ከሰዓት ሲመለሱበት ተዳፋቱ አንድ አይደለም። አዛውንት ካላችሁ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይሁን፤ ጎን ለጎን ሆኖ ለመደገፍ መወጣጫው ለሁለት ሰው አይበቃም። የፊተኛው ወደ ኋላ ዞሮ ሁለት እጁን ይስጥ። እናቴን «ውሃውን አትይ» ማለት አልረዳትም፤ «የኔን ትከሻ እይ» ስላት ግን ተራመደች። መርከበኞቹን «ቀስ» ማለት አሳፋሪ አይደለም፤ ሽማግሌ ያከብራሉ።

ቦታ ስትይዙ ከመርከቡ መሃል፣ ከታችኛው ሰገነት፣ አየር የሚገባበትን ጥላ ምረጡ። ፊተኛው ጫፍ ላይ ውዝዋዜው ከሁሉም ይብሳል። ከኋላ ደግሞ የሞተሩ ጭስ አለ፤ ለሚያጥወለውለው ልጅ የናፍጣ ሽታ መርዝ ነው።

9. ባሕሩ ላይ

የሚያጥወለውለው ሆድ ብቻ ይመስለናል፤ መነሻው ጆሮና ዓይን ናቸው። ልጁ ስልክ ላይ አፍጥጦ ሲቀመጥ ዓይኑ «ቆመናል» ይላል፣ የውስጥ ጆሮው «እየተወዛወዝን ነው» ይላል፤ አእምሮው በዚህ ይምታታል። ስለዚህ ስልኩ ይቀመጥ፣ መጽሐፉም ይቀመጥ። ዓይኑ የሚያርፍበት የማይነቃነቅ ነገር ስጡት፦ በሰሜን በኩል የጎዳ ተራሮች አሉላችሁ። «ጫፉ ላይ ደመና ያለው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ከሁሉም ይበልጥ ይቸገራሉ፤ ሁለት ዓመት ገና ያልሞላቸው ሕፃናት ብዙ ጊዜ ምንም አይሆኑም።

ምልክቱ ከትውከቱ ይቀድማል። ልጁ ያዛጋል፣ ምራቁን ደጋግሞ ይውጣል፣ ዝም ይላል፣ ከንፈሩ ዙሪያ ይነጣል። የኔ ልጅ ወሬ የማያቆም ነው፤ ዝም ሲል ባልዲውን አነሳለሁ። ሎሚውን በጥፍር ጫር አድርጋችሁ አፍንጫው ሥር ያዙለት፣ ወደ ነፋሱ አዙሩት፣ አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጉ። ካስመለሰ ደግሞ አትደንግጡ፣ አትቆጡ፤ አፉን አጉመጥሙት፣ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ኦ.አር.ኤሱን በማንኪያ በማንኪያ ስጡት። አንድ ጊዜ በብርጭቆ ከጠጣ መልሶ ያስመልሳል።

ውሃ «ጠማኝ» እስኪሉ አትጠብቁ። በየሩብ ሰዓቱ ሁለት ሁለት ጉንጭ። ፀሐዩን በተመለከተ ጥላ ስር መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ውሃው ብርሃኑን ከታች ይመልሰዋል፣ አገጭና ከአፍንጫ ሥር ይቃጠላል። የጠቆረ ገላ አይቃጠልም የሚለው ልክ አይደለም፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ልጆቹንም አዋቂውንም ይቀባ።

ጠዋት ባሕሩ ብዙውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። በመልሱ ጉዞ «ያኔ እንዲህ አልነበረም» ብለው ልጆቹ እንዳይሸበሩ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

በፌሪ ፈንታ ሸራ ባላት የእንጨት ጀልባ የሚሄድ ቤተሰብ ካለ ሁለት ነገር ልጨምር። ሸራ ነፋስ ሲሞላ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ለማያውቅ ሰው ልትገለበጥ ይመስላል፤ አካሄዷ ነው፤ ልጆቹን ከፍ ባለው ጎን አስቀምጡ። ሁለተኛው የምር አደጋ ነው፦ አቅጣጫ ሲቀየር ሸራውን የተሸከመው ረጅም እንጨትና ገመዶቹ ከወዲህ ወዲያ ይሄዳሉ። መርከበኛው ድምፅ ሲሰጥ ሁሉም ባለበት ዝቅ ይበል፣ የልጅ እጅም ገመድ ላይ አይሁን። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት መርከበኛው ራሱ ለልጆቹ እንዲያሳያቸው ጠይቁት፤ ከወላጅ ይልቅ እሱን ይሰሙታል።

10. ታጁራ ላይ

ስትወርዱ አትቸኩሉ። ሁሉም ተግተልትሎ ሲወርድ እናንተ ተቀምጣችሁ ልጆቻችሁን ቁጠሩ። መሬት ረግጣችሁም ወለሉ የሚወዛወዝ ከመሰላችሁ የባሕሩ ልምድ ከሰውነት እስኪወጣ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይቆያል። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን አልጋው ሲወዛወዝ አድሯል ብላ ነበር።

ታጁራ በነጫጭ መስጊዶቿ የታወቀች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ዳርቻዋ ልጆችን ይስባል። ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን አንድ አዋቂ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ቆሞ ይይ። እሾሃማ የባሕር ፍጥረት ድንጋይ መሃል ስለሚደበቅ ጫማ አድርገው ይግቡ፤ አሮጌ ሸራ ጫማ ይበቃል። ሲወጡ በንጹሕ ውሃ አለቅልቋቸው፤ ጨው የደረቀበት ብብትና ጭን በማግስቱ ይላጣል።

ቤት ስትመለሱ ሻንጣውን እንዳለ አታስቀምጡት። የሻንጣውን ዚፕ፣ የጫማውን ቀለበት፣ የላይፍ ጃኬቱን ማሰሪያ በንጹሕ ውሃ እጠቡና ጥላ ላይ አድርቁ፤ የባሕር ጨው ብረቱን በወር ውስጥ ያዝገዋል። ልጆቹን ደግማችሁ መዝኑ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጃኬት ልኩ ሌላ ነው። የቢጫ ወባ ካርዱን ግን ከፓስፖርቱ ጋር መልሱት፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ የሚጸና ስለሆነ ደግሞ መወጋት አያስፈልግም።